አንድ ፊት ፍለጋ፦ ሦስት ቅዳሜዎች በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ

አባቴ ባረፈ ዕለት፣ ድንኳኑ ተተክሎ ወንበር ሲደረደር፣ የአጎቴ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «ለፍሬም የሚሆን ፎቶ ቶሎ ስጪኝ፤ ፎቶ ቤቱ ሳይዘጋ ላድርሰው» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ ፎቶ አለበት። የልጆቼ ልደት፣ ጥምቀት፣ የላንጋኖ ጉዞ፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ፣ እንጦጦ ፓርክ። አባቴ በብዙዎቹ ውስጥ አለ። ግን እንዴት ሆኖ? በአንዱ ከኬኩ ጀርባ ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል። በሌላው ሐይቁ ዳር የጥፍር ያህል ሆኖ ቆሟል። በሦስተኛው ፀሐይዋ ከኋላው ስለሆነች ፊቱ ጥቁር ጥላ ነው። በአራተኛው ደግሞ ከራሱ ላይ የመብራት ምሰሶ በቅሏል።

በመጨረሻ የሰጠሁት ከእህቴ ሠርግ ፎቶ ላይ የተቆረጠ ምስል ነበር። ፍሬሙን ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከአባቴ ግራ ትከሻ አጠገብ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የኮት ክንድ ያያል። ለሦስት ቀን ለቀስተኛው ሁሉ የተሰናበተው ያንን ክንድ ጭምር ነው። ፎቶው ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ አሁን ስልክዎን ይክፈቱና የእናትዎን ወይም የአባትዎን ፎቶ ይፈልጉ። ለብቻቸው፣ ፊታቸው ጥርት ብሎ፣ ራሳቸውን መስለው የተነሱበት ስንት ያገኛሉ? እኔ ከአባቴ አንድም አላገኘሁም። እናቴ ግን አለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው።

በእናቴ ሳጥን ውስጥ አንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፒያሳ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ የተነሳችው ነው። ከኋላዋ ግራጫ መጋረጃ አለ፤ ከጎን አንድ መብራት። ሌላ ምንም የለም። ፎቶውን ያየ ሰው ዓይኑ ከእሷ በቀር የሚሄድበት ቦታ የለውም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ ሲሠሩ የነበሩት አርመናዊው በድሮስ ቦያጅያንና ልጆቻቸው፣ ከእነሱም በኋላ የመጡት የየሰፈሩ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የሚጠቀሙት ዘዴ ይኸው ነበር፤ ጀርባውን ጭር ማድረግ፣ ብርሃኑን ፊት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ሰውየው እስኪረጋጋ መጠበቅ።

እኔ መጋረጃም መብራትም የለኝም። ያለኝ ስልክ፣ ባለቤቴ ከዓመታት በፊት የገዛው አንድ አሮጌ ካሜራ፣ ሁለት ልጆችና ቅዳሜ ናቸው። ስለዚህ በኅዳር ወር ሦስት ቅዳሜ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉ ሦስት ከተሞች ልንወጣ ወሰንኩ። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ለእኛ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ ያላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ሦስቱም ጠዋት ተነስቶ ለምሳ ለመመለስ ይበቃሉ።

እናቴን «ፎቶ ማንሳት እየተለማመድኩ ነውና ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንውጣ» ስላት ለአፍታ አየችኝ።

«ለለቅሶዬ ነው?» አለችኝ።

አዎ ማለት ነውር ነው። አይደለም ማለት ደግሞ ውሸት። «ለልጆቹ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ለልጆቹ ከሆነ ይሁን። ቡና ግን በፔርሙዝ ያዢ።»

ሱሉልታ፦ ሜዳው የዋጣት ሴት

ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥተን የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እንዳለፍን የጎጃም መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። መንገድ ዳር እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ወደ ከተማ ይጓዛሉ። የመኪናውን መስኮት አውርጄ ስልኬን ሳነሳ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪ። እሷ መች ትታያለች? የሚታየው ሸክሙ ነው።»

ስልኬን መለስኩት። ያን ጊዜ የተናገረችው ስለ መንገደኛዋ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ መስከረም ላይ አደይ ይለብሳል፤ ኅዳር ሲገባ ሣሩ ወርቃማ ሆኖ ይታጨድና ድርቆሹ እዚህም እዚያም ይከመራል። በማለዳ ደግሞ ሯጮች ይመጣሉ። አትሌት ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያስገነባው እዚህ ነው፤ ከፍታውና ለስላሳው ሜዳ ለልምምድ ይመረጣል።

ከመኪና እንደወረድን የለመድኩትን አደረግሁ። «እዚያ ቁሙ፤ ሜዳው በሙሉ ይግባ!» ብዬ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ ሄድኩና አነሳሁ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ስክሪኑን አይታ «እማማ የቷ ናት?» ብላ ጠየቀች። ሰማይ አለ፣ ተራራ አለ፣ የድርቆሽ ክምር አለ፣ ላሞች አሉ። ከመሐል ሦስት ነጠብጣቦች ቆመዋል።

አሥራ አንድ ሺህ ፎቶዬ የተበላሸው እንዲህ ነው። ቦታውንም ሰውንም እኩል ለማስገባት ስሞክር፣ ቦታው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ እሱ ትልቅ ነውና። ስለዚህ ቁልፉን ከመጫን በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ፎቶ የማን ነው?» መልሱ «የሜዳው» ከሆነ ጥሩ፤ ሰዎቹ እንደ ነጠብጣብ ይግቡ። መልሱ «የእናቴ» ከሆነ ግን ሜዳው ቦታ መልቀቅ አለበት።

መጀመሪያ ወደ ፊት ሄድኩ። በሃንጋሪ የተወለደው የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ ሮበርት ካፓ፣ ፎቶህ ጥሩ ካልሆነ በቂ ያህል አልቀረብክም ማለት ነው በሚለው ምክሩ ይታወቃል። ሁለት ሜትር ያህል እስክደርስ ቀረብኩ። አሁን ስክሪኑን ከራሷ እስከ ወገቧ ሞላችው። ግን የሜዳው አድማስ ልክ በአንገቷ ላይ እንደ ቢላ ያልፋል። ቁጢጥ አልኩ። ካሜራው ዝቅ ሲል አድማሱም በፎቶው ውስጥ ዝቅ አለ፤ ከራሷ ኋላ የቀረው ንጹሕ ሰማይ ብቻ ሆነ። የፒያሳው ግራጫ መጋረጃ ሱሉልታ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ችግር ቀለም ነበር። እናቴ የለበሰችው ቡናማ ሹራብ ከደረቀው ሣር ጋር አንድ ሆነ። የሰባት ዓመቱ ልጄ ግን ቀይ ሹራብ ለብሶ ዳር ላይ ስለቆመ፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ ወደ እሱ ይሮጣል። ልጁን ከፎቶው አስወጥቼ፣ የልጄን ሰማያዊ ሻርፕ በእናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረግሁ። ሰማያዊው በወርቃማው ሣር ላይ ከሩቅ የሚጣራ ሆነ። የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው ይህቺ ፎቶ አንሺ፣ በ2018 በዳሎል ባነሳቻቸው ስለ ውሃ የሚናገሩ ፎቶዎቿ ውስጥ ደማቅ ልብስ የለበሱ ሴቶችን በዚያ ጭር ባለ መሬት ላይ አቁማለች። መሬቱ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ሴቶቹ አይጠፉም። ቀለሙ ያወጣቸዋል።

ልጄ ደግሞ ከሯጮቹ ኋላ ሲሮጥ ባለቤቴ ሌላ ዘዴ ሞከረ። የካሜራውን ፍጥነት ወደ 1/30 ሰከንድ አወረደና ልጁ ሲያልፍ ካሜራውን ከእሱ ጋር እኩል እያዞረ አነሳ። ከሃያ ሙከራ አንዱ ተሳካ። ልጁ ጥርት ብሏል፤ ሜዳውና ክምሩ ሁሉ እንደተጎተተ ቀለም ሆነዋል። በዚያ ፎቶ ውስጥ የሚሮጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

የእናቴ ፎቶ ግን ጎደለው። ጎልታ ወጥታለች፤ ጥርት ብላለች። ግን ክንዶቿን ግራና ቀኝ አውርዳ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ የመታወቂያ ፎቶ እንደምትነሳ ቆማለች። እናቴ እንዲህ አይደለችም።

ቡራዩ፦ የበሩ ብርሃን

በሁለተኛው ቅዳሜ በአስኮ በኩል የአምቦን መንገድ ይዘን ቡራዩ ገባን። ከከተማው ወጣ ብሎ የገፈርሳ ግድብ አለ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ውሃ ሲያጠጣ የኖረ ነው፤ ወፍ የሚወዱ ሰዎችም ያውቁታል። ውሃውን ከሩቅ አይተን አለፍን። ካሜራ ግን አላወጣንም። ግድብ፣ ድልድይና የጸጥታ ተቋም ያለ ፈቃድ ማንሳት ጣጣ እንደሚያመጣ ለልጆች ቀድሞ መንገር ይሻላል።

ፎቶውን ያሰብኩት ከተማው ውስጥ፣ ገበያው አካባቢ ነበር። እናቴ ሽንኩርት ስትመርጥ ሳያት ደስ አለኝና ከፊት ለፊቷ ቆሜ አነሳሁ። ማታ ቤት ገብቼ በፎቶው ውስጥ ያለውን ቆጠርኩ። ሁለት ባጃጅ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ የፋርማሲ ማስታወቂያ፣ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሦስት ጃንጥላ፣ የአንድ ሰው ጀርባ፣ ከእናቴ ጆሮ የወጣ የሚመስል የኤሌክትሪክ ሽቦ። እናቴ አሥረኛ ናት።

ሰዓቱም ከእኛ ጋር አልነበረም። ከቤት ዘግይተን ስለወጣን ገበያ የደረስነው አራት ሰዓት ሲል ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናትና ፀሐይ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች። ከአናት ሲወርድ ብርሃኑ ግንባርን አብርቶ ዓይንን ጉድጓድ ያደርገዋል። የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃን ፀሐይ ከወጣች እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው፤ የማታው ደግሞ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ይመጣል። በመሐል ያለው ጥላ የሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ጥላውን ያገኘችልን እናቴ ናት፤ ደክሟት። አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ስታያት ከቤቷ በር ላይ በርጩማ አቀረበችላት። «አከም ጅርቱ» ተባባሉ። እናቴ በወጣትነቷ ሰበታ ኖራለችና ኦሮምኛዋ ባይሟላም ለሰላምታና ለሽንኩርት ዋጋ ይበቃል። ነጠላዋን ከአንገቷ ሥር አስተካክላ፣ ስኒዋን ይዛ ወሬ ጀመረች።

ያን ጊዜ በሩን አየሁት። እናቴ የተቀመጠችው ደፉ ላይ ነው። ከኋላዋ ያለው ክፍል ጨለማ፤ ከፊቷ ያለው መንገድ ደግሞ በፀሐይ ተጥለቅልቋል። ፀሐይዋ ፊቷን በቀጥታ አትነካትም፤ ከመንገዱና ከፊት ለፊቱ ግድግዳ የሚመለሰው ብርሃን ግን ፊቷን በለስላሳው ያበራዋል። ነጭ ነጠላዋም ከሥር ወደ አገጯ ብርሃን ይመልሳል። ባጃጁ፣ ጃንጥላው፣ ማስታወቂያው ሁሉ አሁን ከእኔ ጀርባ ነው።

ስልኬን ሳነሳ ግን ስክሪኑ ላይ ፊቷ ነጭ ብሎ ታጠበ፤ ጨለማው ክፍል ደግሞ ተገልጦ ጆንያና ጀሪካን ታየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሜራ ማን እንደሆንን አያውቅም፤ የሚያየውን ብርሃን ሁሉ አማክሎ መካከለኛ ለማድረግ ይሞክራል። አብዛኛው ጨለማ ከሆነ ሁሉንም ያበራል፤ አብዛኛው ብሩህ ሰማይ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ያጨልማል። ጠይም ፊቶቻችን ሰማይ ፊት ሲቆሙ የሚጠቁሩትም ለዚህ ነው። መፍትሔው በጣት ፊቷን መንካት፣ ከዚያ በአጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ነው። ፊቷን ነካሁ፤ ትንሽ ዝቅ አደረግሁ። ክፍሉ ጠቆረ፤ ጆንያው ጠፋ፤ ከጨለማው ውስጥ የእናቴ ፊት ብቻውን ወጣ።

ፎቶው እስከዚያ ካነሳሁት ሁሉ የተሻለ ነበር። ባለቤቴ «አገኘሽው!» አለ። ባለ ቡናዋም አይታ «እኔንም» አለችኝ። በዚያው በር ላይ አነሳኋትና አሳትሜ እንደማመጣላት ቃል ገባሁ። በሳምንቱ አደረስኩላት። ለእሷ ያነሳሁት ስለሆነ እዚህ አላወጣሁትም።

እናቴ ግን መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረገች ካየች በኋላ መለሰችልኝ።

«ደክሞኛል እዚህ ላይ» አለች። «ሲደክመኝ አታንሺኝ። ከእኔ በኋላ ለልጆቹ የሚቀረው ድካሜ ነው እንዴ?»

አልመለስኩላትም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት በሱሉልታ መንገድ ያለችኝን ነው። ብርሃኑን አግኝቻለሁ፤ ጀርባውን አጽድቻለሁ። ጎልቶ የወጣው ግን ሸክሙ ነበር።

ሰበታ፦ ቦታ መርጦ መጠበቅ

ሦስተኛው ቅዳሜ የእናቴ ነበር። አየር ጤናን፣ ዓለም ገናን አልፈን፣ ከአዲስ አበባ መሐል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሰበታ ስንደርስ መስኮቱን አወረደችው። አባቴ መምህር ሆኖ መጀመሪያ የተመደበው እዚህ ነው። የቢራ ፋብሪካውን፣ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቱን መታጠፊያ፣ የድሮ ኪራይ ቤታቸው የነበረበትን አቅጣጫ ለልጆቹ እየጠቆመች ሄደች። የዛሬው ሰበታ በፋብሪካ የተሞላና የጅቡቲ ባቡር የሚነሳበት ከተማ ነው። እናቴ የምታየው ሌላውን ነው።

ከሰበታ በጠጠር መንገድ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወጣን። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የወጨጫን ተራራ ጥግ ተደግፎ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል ተብሎ ይነገራል። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው ሰማይ ሸፍነዋል። በር ላይ ከፍለን ገባን።

ጫካ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከገበያም ይከብዳል። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፤ ብርሃኑ በቅጠል መሐል ተቆራርጦ ፊት ላይ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ግንድ ሁሉ ከሰው ራስ ላይ ለመብቀል የቆመ ይመስላል። ልጆቼ ጉሬዛ አይተው ጮኹ። ሠላሳ ያህል ፎቶ አነሳን። በሁሉም ጥርት ብሎ የወጣው ፊት ለፊት ያለው ቅጠል ነው፤ ጉሬዛው ከኋላ ደብዝዟል። በጣት ነክቶ ትኩረቱን ጉሬዛው ላይ ማድረግ ይረዳል፤ ግን እስክንነካ ይዘላል።

ነገሩን የፈታችው ልጄ ናት። ጉሬዛዎቹ አንድ በአንድ የሚሻገሩበት ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ አየች። ከኋላው ሰማይ ነው። «እሱን ትቼ ቅርንጫፉን ልጠብቅ» አለች። ካሜራውን ቅርንጫፉ ላይ አነጣጥራ ትንፋሿን ዋጠች። አራተኛው ጉሬዛ መጣ፣ ለአንድ አፍታ ቆመ፣ ነጭ ጭራውን እንደ ጋቢ ጫፍ ለቀቀው። ቁልፉን ተጫነች። በዚያ ቀን የተነሳው ብቸኛ የጉሬዛ ፎቶ እሱ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴን እያሳደድኩ «እዚህ ቁሚ፣ ወዲህ ዙሪ» ስል ነበር። ከዚህ በኋላ ቦታውን ብቻ መረጥኩ። ዛፎቹ የሚከፈቱበት አንድ ሣር ያለበት ቦታ አገኘሁ። ከኋላ ያለው ጥድ ሃያ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጥላ ውስጥ ስላለም ጠቆር ብሏል። ብርሃኑ ከጎን፣ ከተከፈተው ሰማይ ይመጣል። ሸማውን አነጠፍኩ፤ ፔርሙዙን አስቀመጥኩ፤ «ቡና» አልኩ። እናቴ መጥታ ተቀመጠች።

እኔ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ፣ ከእሷ ዓይን እኩል ሆኜ ተቀመጥኩ። ሰው ከካሜራው ሲቀርብና ጀርባው ከሰውየው ሲርቅ፣ ጀርባው በራሱ መደብዘዝ ይጀምራል። በካሜራ ለሚያነሳ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 2.8 ሲከፍት ድብዘዛው ይጨምራል። በስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ነገር ያስገባል፤ ሲቀርቡትም አፍንጫ ያተልቃል። ስለዚህ 2 ወይም 3 እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ መርጬ ትንሽ ወደ ኋላ አልኩ። ስልኩ በራሱ ጀርባ የሚያደበዝዝበትን የፖርትሬት ምርጫም ሞከርኩት። ስልኩ የሰውየውን ጠርዝ በግምት ነው የሚቆርጠው፤ የእናቴን የነጠላ ጥለት ግማሹን ከጫካው ጋር አደበዘዘው። አጠፋሁት። ጥዱ በቂ ነበር።

ከዚያ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ስኒ ተቀዳ። ልጄ «እማማ፣ አባባ እዚህ አምጥቶሽ ያውቃል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አምጥቶኛል እንጂ! መንገድ ጠፍቶበት» አለች እናቴ። አባቴ አዲስ ሙሽራውን ደኑን ላሳይሽ ብሎ አምጥቶ ሁለት ሰዓት እንዳዞራት፣ አንድ እረኛ ልጅ አግኝተው መንገዱን ሲጠይቁት «እኔ የማውቀው ነው፤ ላንተ ፈተና ልስጥህ ብዬ ነው» እንዳለው ተረከች። «ፈተና!» አለች፤ «አስተማሪ አይደል! ጠፍቶ እንኳ አይጠፋም!»

እና ሳቀች። እጇን ወደ አፏ ልትወስድ ጀምራ በመሐል ተወችው። ስልኬን አንስቼ ሦስት ጊዜ ተጫንኩ።

መካከለኛው ነው። ዓይኖቿ ጨፈን ብለዋል፤ እጇ አየር ላይ ቀርቷል፤ ጥዱ ከኋላዋ ጥቁር አረንጓዴ መጋረጃ ሆኗል። ጥግ ላይ የፔርሙዙ ክዳን ይታያል። ባለቤቴ ቆርጬ ላውጣው ቢለኝ እምቢ አልኩ። ያንን ቡና ያዘዘችው እሷ ናት።

ለእርስዎ ቅዳሜ

• ከመነሳትዎ በፊት ይወስኑ፤ ዛሬ የማንን ፎቶ ነው የሚያነሱት? ሁሉንም ያሉ እንደሆነ ማንንም አያገኙም።

• ከሰውየው ይልቅ ጀርባውን ይመርምሩ። ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ማስታወቂያ ካለ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይበሉ፤ ወይም ቁጢጥ ይበሉ።

• ሰውን ከግድግዳ ጋር አያጣብቁ። ከጀርባው በራቀ ቁጥር ጎልቶ ይወጣል።

• ፀሐይ ከአናት ስትሆን በር፣ በረንዳ፣ የዛፍ ጥላ ይፈልጉ። ፊት ወደ ብርሃኑ፣ ጨለማው ከኋላ ይሁን።

• ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ይንኩ፤ ከዚያ ብርሃኑን ያስተካክሉ።

• የማያውቁትን ሰው ሲያነሱ አስቀድመው ይጠይቁ። በሦስቱም ከተሞች ኦሮምኛ ይነገራል፤ ሰላምታውን አውቆ መሄድ በር ይከፍታል። ፎቶ ለመስጠት ቃል ከገቡ ያድርሱ።

• ወላጅዎን «ፈገግ በሉ» አይበሉ። ልጅዎ ጥያቄ ትጠይቃቸው።

ሁለት ቅጂ

ሰኞ ዕለት ፎቶውን አሳትሜ ወሰድኩላት። ሁለት ቅጂ ነው ያሠራሁት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ደግሞ «ደክሞኛል» ወይም «ጥርሴ ታየ» እስክትል ጠበቅሁ።

«ፈተናውን ስነግራችሁ ነው» አለች በመጨረሻ። «አባትሽም ሲስቅ እንዲህ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።»

ከዚያ አንዱን ቅጂ ነጥላ «ይሄን ደሴ ለእህቴ ላኪላት» አለችኝ።

«ሁለተኛውስ?»

ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቴን ፎቶ፣ ያንን የማይታወቅ የኮት ክንድ አየች። ፎቶውን በሁለት እጇ አቀበለችኝ።

«እሱን አስቀምጪው። ለዚያ ቀን ይሁን» አለች። እኔ አንገቴን ስደፋ ግን ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። «ቶሎ እንዳታወጪው ታዲያ! የፊታችን ቅዳሜ የት ነን?»